ሲም ካርድ «ኮፒ» ይደረጋል የሚሉት ነገር እውነት ነው?

መርካቶ_ሞባይል
ሰላም ለዚህ ቤት። ሥራዬ ስልክ ጥገና ነው። ሰሞኑን አንድ ደንበኛ ከዱባይ የመጣ ትንሽ ዕቃ ይዞልኝ መጣ። በዩኤስቢ የሚሰካ ሲም ማንበቢያ ነው። አብሮት ባዶ ካርድ አለ፣ ማሸጊያው ላይ «16 በ1» ይላል። ሻጩ «አሥራ ስድስት ቁጥር አንድ ሲም ላይ ትጭናለህ» ብሎ ነው የሸጠለት። ሰውየው ሲም እየቀያየረ መዞር ሰልችቶታል፣ «ሁለቱን ቁጥሬን አንድ ላይ አድርግልኝ» አለኝ።

ፕሮግራሙን ከፈትነው። ሲሙን ከትተን አስጀመርነው። ከላይ ቆጣሪ አለ፣ አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ እያለ ይሮጣል። ከሥር 16 ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። ሱቅ እስክዘጋ ድረስ ቆጣሪው እንደሮጠ ነው፣ ከሳጥኖቹ ግን አንዱም አልሞላም።

ጥያቄዬ፦ ይሄ ዕቃ ጭራሽ ማጭበርበሪያ ነው ወይስ የሚሠራበት ሲም አለ? የሚሠራ ከሆነስ የኔን ሲም ሌላ ሰው ገልብጦ በስሜ ሊደውል፣ ቴሌብሬን ሊከፍት ይችላል? ጎረቤቴ ያለው ባለሱቅ «ሲምህን ለአምስት ደቂቃ ሰው እጅ ከገባ አለቀልህ» ይለኛል።

የፒያሳ_ልጅ
አምስት ደቂቃ? የኔን ስልክ ባለቤቴ በየማታው ነው የምትፈትሸው። እስካሁን ኮፒ ካላደረገችው ማንም አይችልም ሃሃሃ።

ጋሽ_አንቴና
ዕቃው ማጭበርበሪያ አይደለም፣ ጊዜ ያለፈበት ነው። ከ25 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ሲሞሉ ታይ ነበር። እኔ ጀርመን በአንድ የስልክ ኩባንያ የኔትወርክ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ።

ሲምህ ውስጥ ኬአይ የሚባል ምስጢራዊ ቁልፍ አለ። ርዝመቱ 128 ቢት፣ ማለት 16 ባይት ነው። እነዚያ 16 ሳጥኖች እሱን ነው የሚጠብቁት። ቁልፉ ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው፦ ሲሙ ውስጥና የስልክ ኩባንያው ዋና ማዕከል። በአየር ላይ በጭራሽ አይላክም።

ስልክህን ስታበራ ኔትወርኩ «አንተ ማነህ?» ይልሃል። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ኔትወርኩ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፣ ራንድ ይባላል፣ እሱም 128 ቢት ነው። ሲሙ ያን ቁጥር ከኬአይ ጋር ይፈጭና ሁለት ነገር ያወጣል። አንደኛው 32 ቢት መልስ ነው፣ ተመልሶ ይላካል። ማዕከሉም በራሱ በኩል ያንኑ ያሰላል፣ መልሱ ከገጠመ ትገባለህ። ሁለተኛው ኬሲ የሚባል ጊዜያዊ ቁልፍ ነው። ጥሪህ በአየር ላይ ሲሄድ የሚቆለፈው በእሱ ነው።

የሚፈጨው ቀመር በጂኤስኤም (በ2ጂ የስልክ ሥርዓት) ቋንቋ ኤ3 እና ኤ8 ይባላል። ልብ በሉ፣ ኤ3 እና ኤ8 የአንድ ቀመር ስም አይደሉም። ቦታው ብቻ ነው የተወሰነው። እዚያ ቦታ ላይ የፈለገውን ቀመር ማስቀመጥ የኩባንያው መብት ነው፣ ምክንያቱም የሚሠራው በራሱ ሲምና በራሱ ማዕከል ውስጥ ብቻ ነው። ግን ማን ይደክማል? ለናሙና የተዘጋጀ ኮምፕ128 የሚባል ቀመር ነበር። ብዙው ኩባንያ እሱኑ ወስዶ ተጠቀመ።

ኮምፕ128 ምስጢር ነበር። ከዚያ ሰነዱ አፈተለከ፣ የጎደለውን ደግሞ ሲሙን ራሱን እየፈተኑ ሞሉት። በኤፕሪል 1998 በፈረንጆቹ ማርክ ብሪሴኖ፣ ኢያን ጎልድበርግና ዴቪድ ዋግነር የሚባሉ ሦስት ሰዎች ከካሊፎርኒያ ብቅ አሉና «ቁልፉን ከሲሙ ማውጣት ችለናል» አሉ። ወደ 150,000 ጊዜ ሲሙን መጠየቅ ይፈልጋል። በዘመኑ ፍጥነት 8 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ለጎረቤትህ ንገረው፣ አምስት ደቂቃ አይደለም።

ኮድ_ወዳድ
ጋሼ፣ የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። 128 ቢት ቁልፍ ዓለም ቢጠፋ አይገመትም ተብለን ነው የተማርነው። 150,000 እኮ ምንም ማለት አይደለም። እንዴት ነው እዚህ የወረደው?

ጋሽ_አንቴና
ሸጋ ጥያቄ። ቁልፉን በግምት አይደለም የሚያገኙት። ቀመሩ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ።

ኮምፕ128 ሲጀምር 32 ባይት ይደረድራል፦ የመጀመሪያዎቹ 16 ቁልፍህ፣ የኋለኞቹ 16 ራንድ። ይህን 8 ዙር ያሸዋል። በእያንዳንዱ ዙር ውስጥ አምስት ደረጃ አለ። በየደረጃው ባይቶች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በሰንጠረዥ ይቀላቀላሉ። በመጨረሻ ሁሉም ከሁሉም ጋር መደባለቁ አይቀርም። ችግሩ መጀመሪያው ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ሁለተኛ ደረጃ እየው። እዚያ ላይ ስትደርስ ገና አራት አራት ባይት ነው የተገናኘው። 1ኛው፣ 9ኛው፣ 17ኛውና 25ኛው ባይት እርስ በርሳቸው ብቻ ተቀላቅለዋል፣ ሌላ ማንም አልገባባቸውም። ከአራቱ ሁለቱ (1ኛውና 9ኛው) የቁልፍህ ናቸው። ሁለቱ (17ኛውና 25ኛው) የራንድ ናቸው፣ ራንዱን ደግሞ የሚመርጠው ጠያቂው ነው።

ታዲያ ጠላፊው ምን ያደርጋል? የራንዱን 14 ባይት እንዳለ ይተወዋል። ሁለቱን ብቻ ይቀያይራል። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ የሚወጣው ውጤት አራት ባለ7 ቢት ቁጥር ነው፣ ሲደመር 28 ቢት። ሁለት የተለያዩ ራንዶች እዚያች ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ውጤት ከሰጡ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ አንድ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው መልስም አንድ ይሆናል። ጠላፊው ይህን ከውጭ ያየዋል፦ የተለያየ ጥያቄ ጠየቅሁ፣ ሲሙ አንድ ዓይነት መልስ ሰጠኝ።

28 ቢት ላይ ግጭት (ከሁለት ራንድ አንድ ውጤት) ለማግኘት ደግሞ 2 በ28 ኃይል ሙከራ አያስፈልግም። የልደት ቀን ነገር ነው፣ ፕሮባቢሊቲ ላይ ተምረኸዋል፤ 23 ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው የሚጋራው የልደት ቀን የመኖሩ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። እዚህም የኃይሉ ግማሽ ይበቃል፣ 2 በ14 ኃይል፣ ማለትም 16,384 አካባቢ። አንድ ግጭት ካገኘህ ሁለቱን የቁልፍ ባይቶች በኮምፒውተር መፈለግ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። እንዲህ ያለ ጥንድ 8 አለ። 8 ጊዜ 16,384 ማባዛት ነው፣ 131,072። ከዚያ ላይ ትንሽ መጠባበቂያ ጨምርበት።

መርካቶ_ሞባይል፣ ያንተ ፕሮግራም በድሮ ሲም ላይ ሲሠራ ሳጥኖቹ በተራ አይሞሉም። 1ኛውና 9ኛው አብረው ይመጣሉ፣ 2ኛውና 10ኛው አብረው። ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶሃል።

ኮድ_ወዳድ
ወይ ጉድ! ሁለተኛው ደረጃ ላይ ትንሽ ሰፋ ቢያደርጉት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር ማለት ነው?

ጋሽ_አንቴና
ይሄኛው አይመጣም ነበር። ሌላ ግን አለበት። ኬሲ 64 ቢት ነው ተብሎ ሲያበቃ ኮምፕ128 የመጨረሻዎቹን 10 ቢቶች ሁልጊዜ ዜሮ ያደርጋቸዋል። ያው 54 ቢት ቁልፍ ነው። ይሄ በስህተት የሚሆን ነገር አይደለም፣ ሆን ብሎ የተቆረጠ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ኮምፕ128 ሲመጣ ጠባቡን ቦታ ጠገነ፣ 10 ዜሮዎቹን ግን እንዳሉ ተዋቸው። ሙሉ 64 ቢት የሰጠው ሦስተኛው ነው። ሁለቱንም እስከ 2013 ድረስ በይፋ ያያቸው አልነበረም፣ ያኔም ቢሆን ከውጭ ሰው ፈልቅቆ አወጣቸው እንጂ ባለቤቶቹ አላሳዩም።

ምን_አገባኝ
ይቅርታ ይደረግልኝና ይሄ ሁሉ የታሪክ ትምህርት ነው። ቀመሩ ተቀይሯል፣ የልጁም ሲም አልተገለበጠም። ታዲያ ምኑ ነው የሚያሳስበን?

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ታሪክ ካነሳችሁ የኔንም ስሙኝ። እኔ አሜሪካ የገባሁት በ90ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ ስልኩ አናሎግ ነበር፣ ሲም የሚባል ነገር የለውም። ስልኩ የራሱን መለያ ቁጥርና የመስመሩን ቁጥር ያለምንም መሸፈኛ በአየር ላይ ይለቀዋል። አውራ ጎዳና ዳር መቀበያ ይዞ የቆመ ሰው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ስልክ ቁጥር ይለቅማል። ከዚያ ሌላ ስልክ ላይ ይጭነዋል። ሂሳቡ ለባለቤቱ ይመጣል።

እኛ ሰፈር አዲስ አበባ መደወል ወርቅ ነበር፣ በደቂቃ የሚከፈለው። እና ዲሲ ውስጥ «ግባና እናትህን አናግር፣ ለሃያ ደቂቃ እንዲህ ያህል» የሚል ሰው አይጠፋም ነበር። ስልኩ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ኋላ ላይ በ1998 ምክር ቤቱ የመገልበጫ ዕቃውን መያዝ ብቻውን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጣ፣ «ላጭበረብርበት አስቤ ነው» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልግ። ያን ሰሞን ነው ጂኤስኤም «የኛ አይገለበጥም» እያለ የሚያስተዋውቀው። ጋሽ አንቴና የጠቀሱት ያው ወር መሆኑን ሳይ ሳቄ መጣ።

አስተባባሪ
ክሩ ጥሩ እየሄደ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የመገልበጫ ፕሮግራም ሊንክ የሚለጥፍ ሰው ልጥፉ ይነሳል። የመርካቶ ልጅ፣ ያን ዕቃ ለደንበኛህ መልስለት።

ጋሽ_አንቴና
ምን አገባኝ፣ «ቀመሩ ተቀይሯል» ያልከው እውነት ነው። ለመርካቶም ልጨምርለት፦ ከ1998 በኋላ ብዙ ኩባንያዎች ሲሙ የተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲመልስ አድርገውታል። ከዚያ ካለፈ ራሱን ይዘጋል። ቆጣሪውን አስሮጠህ የሰው ሲም እንዳትገድል።

ግን ቀመሩ ቢቀየርም የ2ጂ ትልቁ ችግር አልተነካም። ከላይ የጻፍኩትን መልሰህ አንብበው። ኔትወርኩ ሲሙን ይጠይቃል። ሲሙ ኔትወርኩን ይጠይቃል ብዬ የጻፍኩት ቦታ አለ? የለም። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በር ላይ ቆሞ መታወቂያህን ሲጠይቅህ አንተ የእሱን አትጠይቀውም። 2ጂ ስልክም እንደዚያው ነው። በአቅራቢያው ካሉት በሲግናል ጠንከር ያለውን ታወር «ኔትወርኬ ነህ» ብሎ ያምነዋል።

ስለዚህ የውሸት ታወር መሥራት ይቻላል። በ2010 ላስ ቬጋስ ዴፍ ኮን በሚባል የሃከሮች ጉባኤ ላይ አንድ ተመራማሪ 1,500 ዶላር ገደማ በሚያወጣ ዕቃ አዳራሹ ውስጥ የነበሩትን ስልኮች ወደ ራሱ ታወር ሲስብ በቀጥታ አሳይቷል። የውሸት ታወሩ ደግሞ «ምስጠራ አንጠቀምም» ካለ ስልኩ እሺ ይላል። የሲሙ ቀመር የቱንም ያህል ቢጠነክር እዚህ ላይ ማንም አይጠይቀውም።

ይሄ ደግሞ የታሪክ ትምህርት አይደለም። በ2022 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ፖሊስ አንድ መኪና አስቁሞ የኋላው ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ አገኘ። መኪናው በከተማው እየዞረ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ከጤና መድኅን የመጣ የሚመስል የውሸት መልእክት ይልክ ነበር። በ2024 ባንኮክ ውስጥ የተያዘው ሚኒባስ ደግሞ በሦስት ቀን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ መልእክት ልኳል። ሁለቱም ቦታ ዘዴው አንድ ነው። ስልኩን ከ4ጂ ገፍቶ ወደ 2ጂ ያወርዱታል፣ እዚያ ላይ መልእክቱን ይከቱለታል። የላኪው ስም የፈለጉት ነው፣ ባንክ ቢሉ ባንክ ነው።

ምን_አገባኝ
እሺ፣ ይሄኛውን አላውቀውም ነበር። ግን መልእክት መላክና ጥሪዬን መስማት ይለያያል። ጥሪው የተቆለፈ ነው ብለሃል።

ጋሽ_አንቴና
በኬሲ የሚቆለፈው ኤ5 በሚባል ሌላ ቀመር ነው። ኤ5/1፣ ኤ5/2፣ ኤ5/3 አለ። ኤ5/2 ለውጭ ገበያ ተብሎ የደከመው ነው። ኤ5/1ን በ2009 መጨረሻ ካርስተን ኖል የሚባል ጀርመናዊ በርሊን ጉባኤ ላይ አፈረጠው። አስቀድሞ የተሰላ ግዙፍ ሰንጠረዥ አሰራጨ፣ ሁለት ቴራባይት የሚደርስ። ያን የያዘ ሰው የቀዳውን ጥሪ ኋላ ተቀምጦ ይከፍተዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ2003 ከሃይፋ ቴክኒዮን ሦስት ሰዎች ያሳዩት ነው፦ ባርካን፣ ቢሃምና ኬለር። ኤ5/2 በአንድ ሰከንድ ውስጥ እንደሚሰበር አሳዩ። «የኔ ኔትወርክ ኤ5/3 ነው፣ ምን አገባኝ?» ትል ይሆናል (ስምህን አይደለም)። እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ኬሲ ለሁሉም ኤ5 አንድ ነው። አንድ ዓይነት ራንድ ከተሰጠው ሲሙ አንድ ዓይነት ኬሲ ያወጣል። ጠላፊው ጥሪህን በጠንካራው ኤ5/3 እንደተቆለፈ ይቀዳዋል። አብሮት የመጣውን ራንድ ይይዛል። ነገ የውሸት ታወር ተክሎ ያንኑ ራንድ መልሶ ይልክልሃል፣ «በኤ5/2 እናውራ» ይልሃል። ሲሙ ራንዱ የትናንት መሆኑን አያውቅም። ጠላፊው ኬሲውን በኤ5/2 በኩል ያወጣውና የትናንቱን ጥሪ ይከፍትበታል። ከዚያ በኋላ ነው ኤ5/2 ከአዳዲስ ስልኮች ጨርሶ እንዲወጣ የተወሰነው።

ኮድ_ወዳድ
ስለዚህ ሁለት ጉድለት ነው፦ ሲሙ ታወሩን አይጠይቅም፣ ጥያቄው ትኩስ መሆኑንም አያይም። 3ጂ ይሄን አስተካክሏል አይደል? ሚለናጅ የሚባል ስም አይቻለሁ።

ጋሽ_አንቴና
ጎበዝ። 3ጂ ላይ ኔትወርኩ ከራንዱ ጋር ሌላ ማረጋገጫ ይልካል። ውስጡ ሁለት ነገር አለ። ኬአይን በማያውቅ ሰው ሊሠራ የማይችል ፊርማ፣ እና በየጊዜው የሚያድግ ተራ ቁጥር። ሲሙ ፊርማው ካልገጠመ ይዘጋል። ተራ ቁጥሩ ያለፈ ከሆነም ይዘጋል። ሚለናጅ ይህን የሚያሰላው ቀመር ነው፣ ኤኢኤስ በሚባል የታወቀ የምስጠራ ቀመር ላይ የቆመ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሁሉም ታትሞ የወጣ። ኩባንያው የራሱን ቋሚ ቁጥር ይጨምርበታል እንጂ ቀመሩን አይደብቅም። መጠባበቂያ ሆኖ ቱዋክ የሚባል ሌላም ተዘጋጅቷል።

ይሄን የምለው በምክንያት ነው። ኮምፕ128ን የሠሩት ሰዎች ደደብ አልነበሩም። ሥራቸውን ያየላቸው ሰው ነው ያልነበረው። ተማሪዎች እንኳ በአንድ ሳምንት የሚያገኙት ቀዳዳ በሚሊዮን የሚቆጠር ኪስ ውስጥ ገብቶ ዓመታት ተቀመጠ። ሚለናጅን ደግሞ ስንቱ ሞከረው፣ በሂሳብ በኩል እስካሁን ቁልፉን ያወጣ የለም።

በሂሳብ በኩል ነው ያልኩት። በ2015 የሻንጋይ ጃዎ ቶንግ ዩኒቨርሲቲው ዩ ዩ የሚባል ተመራማሪ ብላክ ሃት በሚባል የደኅንነት ጉባኤ ላይ ሌላ መንገድ አሳየ። ሲሙ ሲያሰላ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ ይላል። ያን በኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያ ዕቃ) መዝግበህ ብትመረምረው ቁልፉ ቀስ በቀስ ይወጣል። ከተለያዩ ኩባንያዎች የመጡ 8 የ3ጂና የ4ጂ ሲሞች ላይ ሞክሮ ከ10 እስከ 80 ደቂቃ ፈጀበት። ቀመሩ ጤነኛ ነው፣ ሲሙን የሠራው ፋብሪካ ነው መከላከያ ያላደረገለት። ተመሳሳይ ነገር አይቢኤም ውስጥ ያሉ ሰዎች በ2002 በኮምፕ128 ላይ አሳይተው ነበር፣ ያኔ 150,000ው ጥያቄ ወደ 8 ወርዶ ነበር።

መርካቶ_ሞባይል
እና ጎረቤቴ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም በለኛ! 10 ደቂቃ ማለት...

ጋሽ_አንቴና
ኦሲሎስኮፕ፣ የተዘጋጀ ሶፍትዌርና ዶክትሬት ያለው ሰው ከመርካቶ ሱቅ ጀርባ ካለ፣ አዎ። ሲሙ ቢገለበጥ እንኳ ቴሌብር የራሱ ምስጢር ቁጥር አለው፣ ከሲሙ ጋር አይመጣም። ደግሞም ሁለት አንድ ዓይነት ሲም አንድ ኔትወርክ ላይ ሲሆኑ ጥሪው መጨረሻ ለተመዘገበው ነው የሚሄደው። ስልክህ ሳታጠፋው «አገልግሎት የለም» ወይም «አልተመዘገበም» ቢልህ እሱን ነው የምትፈራው።

ከጅዳ
ወንድሞቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ የቀመሩን ነገር ብዙም አልገባኝም። ግን እናንተ የምትሉት ሁሉ ሳይደረግ ቁጥሬ ተወስዶብኛል።

እዚህ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የሀገር ቤቱን ሲም አልጣልኩትም፣ የማጠራቅማት ገንዘብ ከእሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ። አንድ ቀን ኔትወርክ አጣ። ሮሚንግ ነው ብዬ ተውኩት። ወንድሜ ሲያጣራ ለካ አንድ ሰው «ሲሜ ጠፋብኝ» ብሎ በኔ ስም ምትክ አውጥቷል። መስኮት ላይ የነበረው ሠራተኛ ፎቶውን እንኳ ከሰውየው ጋር አላስተያየም፣ እኔ ሴት ነኝ! የማን ቢሮ እንደሆነ አልናገርም። ገንዘቡ ግማሹ ነው የተረፈው።

የፒያሳ_ልጅ
አይዞሽ እህቴ። እዚህ ቀልድ አይገባም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
አይዞሽ። እዚህ አሜሪካም ይሄው ነው ያስቸገረው። ደዋዩ «ስልኬ ባሕር ገባብኝ» ብሎ የደንበኛ አገልግሎቱን ያሳምናል፣ ቁጥሩን ወደ ራሱ ሲም ያዛውረዋል። ከዚያ የባንኩ ኮድ በኤስኤምኤስ ለእሱ ይመጣለታል። ልጄ የባንክ ማረጋገጫዋን ሁሉ ከኤስኤምኤስ ወደ አፕ ያዞረችው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋሽ_አንቴና
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይካስሽ። አንቺ የጻፍሽው እኔ ከላይ ከዘበዘብኩት ሁሉ ይበልጣል። አዲሱ ሲም ሲወጣ አዲስ ኬአይ ነው ያለው። ማዕከሉ ቁጥርሽን ወደ አዲሱ ኬአይ ያዞረዋል። ሚለናጅ ሥራውን በትክክል ይሠራል፣ አዲሱን ሲም «ትክክለኛው ነው» ብሎ ይቀበላል። ቀመሩ የሚያረጋግጠው ሲሙን ነው፣ ሰውን አይደለም። ሰውን ማረጋገጥ የመስኮቱ ሥራ ነው።

ቁልፉም ቢሆን ከመስኮቱ በፊት ሊሰረቅ ይችላል። በፌብሩዋሪ 2015 የአሜሪካን የስለላ ምስጢር ካወጣው ከስኖውደን ሰነዶች የወጣ ዘገባ ነበር፦ የእንግሊዝና የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤቶች በ2010 አካባቢ ትልቁን ሲም አምራች ጀማልቶን ሰብረው ገብተው፣ ኬአዮቹ ከፋብሪካ ወደ ስልክ ኩባንያዎች ሲላኩ ሊለቅሟቸው ሞክረዋል። ጀማልቶ መግባታቸው ሳይሆን አይቀርም አለ፣ ብዙ ቁልፍ ተወስዷል የሚለውን ግን አልተቀበለም። ቁልፉ ከእነ ምስጢሩ እጅህ ከገባ ማን ቀመር ይሰብራል?

እኛ ጀርመን ደግሞ በ2017 ሌላ መጣ። ሌቦቹ ሲምም ቀመርም አልነኩም። ኩባንያዎች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ኤስኤስ7 በሚባለው የድሮ መስመር ገብተው የባንክ ኮድ ያለበትን ኤስኤምኤስ ወደ ራሳቸው አዞሩት። ያ መስመር ከመጀመሪያው «የሚገባው ሁሉ የታመነ ኩባንያ ነው» ተብሎ የተሠራ ነው።

ኮድ_ወዳድ
አንድ የመጨረሻ። 5ጂ ሲመጣ የውሸት ታወር ያበቃል ይላሉ። ያበቃል?

ጋሽ_አንቴና
ይቀንሳል። እስከ 4ጂ ድረስ ስልኩ ተጠይቆ የሲሙን ቋሚ መለያ በግልጽ የሚናገርበት ጊዜ አለ፣ የውሸት ታወሮች ሰው የሚከታተሉት በዚያ ነው። 5ጂ ላይ መለያው በኩባንያው ይፋ ቁልፍ ተቆልፎ ነው የሚላከው።

ግን ከ3ጂ ጀምሮ የመጣች አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ከላይ ሲሙ በሁለት ምክንያት ይዘጋል ብዬ ነበር፣ ፊርማው ካልገጠመና ተራ ቁጥሩ ካለፈ። ስልኩ ለየትኛው እንደዘጋ ይናገራል። ጠላፊው አንድ ጊዜ ለአንተ የተላከ ጥያቄ ይቀዳል። ኋላ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ያንኑ ለሚያልፈው ስልክ ሁሉ ይልካል። የሌላው ሰው ስልክ «ፊርማው አልገጠመም» ይላል። ያንተ ግን «ተራው አልፏል» ይላል። ስምህን ሳያውቅ አንተ መሆንህን አወቀ። በ2012 ነው ይሄ የታተመው። ለትምህርትህ ከፈለግህ ከዚህ ጀምር፣ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ተንኮሉ ነው የሚገርመው።

ስልኩ ወደ 2ጂ መውረድ እስከፈቀደ ድረስ ግን ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነው።

መርካቶ_ሞባይል
እሱን ልጠይቅህ ነበር። ደንበኞቼን ምን ልበላቸው? 2ጂን መዝጋት ይቻላል?

ጋሽ_አንቴና
አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ብዙ ስልኮች ላይ የሲም ቅንብር ውስጥ «2ጂ ፍቀድ» የሚል ማብሪያ አለ። አጥፋው። ሁሉም ስልክ ላይ አይገኝም፣ ሞደሙ መደገፍ አለበት። አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 17 ጀምሮ የመቆለፊያ ሁነታን ስታበራ 2ጂ አብሮ ይዘጋል፣ ግን ሌላም ብዙ ነገር ይዘጋብሃል። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ሰው ያለ2ጂ ይኖራል። ገጠር ሲወጣ ግን መልሶ ያብራው፣ አለበለዚያ ኔትወርክ አጥቶ አንተኑ ይሰድብሃል።

ሌላው የሲም ፒን ነው። ስልክ ቁልፉን አይደለም የምልህ፣ የሲሙን። ሲሙ ከወጣ ሌላ ስልክ ላይ ፒን ሳይገባ ለኔትወርኩ መልስ አይሰጥም። የሰው ሲም ሱቅህ ሲያድር ከመገልበጥም ሌላ ስልክ ላይ ከመክተትም ይከላከላል።

ከጅዳ
እናቴ ደብረ ታቦር አጠገብ ናት፣ ቁልፍ ስልክ ነው የምትይዘው። ገንዘብ የምልክላት በእሱ ነው፣ *127# ብላ ነው የምታወጣው። 2ጂ ዝጊ ብላት ምን ይቀራታል?

ጋሽ_አንቴና
ለእሷ አይዘጋም እህቴ፣ አይቻልምም። የውሸት ታወር ይዞ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሰውም አይመስለኝም። ለእናትሽ የሚያስፈልጋት ሌላ ነው። የቴሌብሩ ምስጢር ቁጥር የልደት ዓመት ወይም 1234 እንዳይሆን። ለጎረቤት ልጅ «አውጣልኝ» ብላ ቁጥሩን እንዳትነግር። ገንዘቡ እንደደረሰ ታውጣው እንጂ ስልኩ ላይ አታቆየው። የሲም ፒን ደግሞ ቁልፍ ስልክም ላይ ይሠራል።

መርካቶ_ሞባይል
ፒን ስናበራላቸው ረስተው ሦስት ጊዜ ተሳስተው ይመጣሉ፣ ሲሙ ይዘጋል። ከዚያ ፐክ (የተዘጋ ሲም መክፈቻ ቁጥር) ይላል። ፐኩ ከየት ይመጣል?

ጋሽ_አንቴና
ሲሙ ሲገዛ የመጣበት ፕላስቲክ ላይ፣ ስምንት አኃዝ። ከጠፋ መታወቂያ ይዞ ወደ ኩባንያው ነው። ፐኩን አሥር ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ይሞታል፣ ምትክ ነው የሚያዋጣው። ፒን ስታበራላቸው ፕላስቲኩን ፎቶ አንሱ በላቸው፣ በዚያው ስልክ ግን አይሁን።